የሰንበት ውሃ

ጎሊና ዳር፣ ከቆቦ በታች
ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7 ቀን 1973 ዓ.ም.

ወንድሜ አባይ፣

አዎ፣ ጽሕፈቱ የራሴ ነው። «ማን እየጻፈልሽ ነው?» ያልከውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ሁለት ዙር መሠረተ ትምህርት ተምሬ ምስክር ወረቀት ወስጃለሁ። ፊደል ያስቆጠረኝ ያንተው መንግሥት ነው፤ ስለዚህ የምጽፈውንም ችሎ ያንብበው።

የቤቱን ደህንነት ጠይቀኸኛል። እኔ ደህና ነኝ። በሬዎቹ ደህና ናቸው። ጣራው ዘንድሮ አያፈስም። የአራጌን ነገር ከሁሉ በኋላ ላደርገው አስቤ ነበር፤ ከዚህ በላይ ግን አልቻልኩም። ባለቤቴ እሑድ ዕለት ታስሯል። ቆቦ ነው ያለው። እስከ ትናንት ድረስ አልተመታም።

ምክንያቱን ሳልነግርህም ትረዳዋለህ። ለቢሮህ ሰዎች የምታስረዳልኝ ከሆነ ግን በእኔ ቃል አስረዳ። የጎሊና ጎርፍ ከደጋ ሲወርድ ቀን አይመርጥም። ወዲያው ተሯሩጠን ግድቡን ጠግነን ወደ ቦይ ካልመለስነው ማሽላችን ይደርቃል። ስለዚህ እሑድና በበዓሎቻችን ጎርፍ ከመጣ እስላሞቹ ለሁላችንም ይመልሱታል። ዓርብና በኢዳቸው ቀን ደግሞ እኛ ለሁሉም እንመልሳለን። አያቶቻችን ያቆሙት ተራ ነው። የእሑዱን «የሰንበት ውሃ» እንለዋለን። ተራውን የሚያስጠብቀው፣ ለሥራም ስም እየጠራ የሚያወጣው የውሃ አባት አራጌ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም መርጦታል።

ባለፈው ሳምንት የወረዳው ካድሬ ሰበሰበንና ከደሴ የመጣ መመሪያ አነበበ። «የሰንበት ውሃ የሚባለው ኋላቀር ልማድ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። እሑድ የሚወጣው ክርስቲያኑ፣ ዓርብ የሚወጣው እስላሙ ይሆናል» ይላል። ልብ በል፤ ሁላችሁም ውጡ አላለም። አገላበጠው። አራጌ ተነሣና፣ «እኔ ለእሑዱም ለዓርቡም ስም አልጠራም» ብሎ ተቀመጠ። ይኸው ነው የተናገረው። እሑድ፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ወሰዱት።

አንድ ነገር ንገረኝ። የሰንበት ውሃ የሚለውን ስም ከጎሊና ዳር ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። ደሴ ላለ ሰው ማን ነገረው?

እህትህ አስረሳሽ


ደሴ፣ ሰኞ፣ ሐምሌ 13 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእትዬ አስረሳሽ፣

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። እስከ ዛሬ የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። ምን ብዬ እንደምመልስልሽ አጥቼ ነው።

ሳትጠይቂኝም የምችለውን አድርጌያለሁ። ቆቦ የማውቀውን ሰው በስልክ አግኝቼዋለሁ። ጋሼ አራጌ ደህና ነው፤ የወሰድሽለት ጋቢም ገብቶለታል። ነገሩ ከባድ አይደለም ብሎኛል። አንድ እሑድ ወጥቶ የክርስቲያኑን ስም ከጠራ በማግስቱ ቤቱ ይገባል። አንድ እሑድ ብቻ፣ እትዬ!

በሬ ጉድጓድ ቢገባባችሁ በሰንበት አታወጡትም? ታዲያ ማሽላው ሲደርቅ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ስታዩ ማንን ነው ያከበራችሁት? ሃይማኖታችሁን ተዉ ያላችሁ የለም። ታዘዙ ነው የተባላችሁት። ክርስትና ማለት መታዘዝ ነው ብለው ያሳደጉን ቄስ አስፋው አይደሉም እንዴ? ለሹም መታዘዝ ተገቢ ነው ሲሉም በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንቺ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ እምቢተኛ ነሽ። አባባ እንኳ «ይቺ ልጅ መንገድ ላይ የተተከለች ድንጋይ ናት» ይሉሽ ነበር።

በመጨረሻ ስለጠየቅሽኝ፦ መመሪያ የሚዘጋጀው በብዙ ሰው እጅ ነው። ማን ምን እንደተናገረ ማወቅ ያስቸግራል።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር
ወንድምሽ አባይ


ጎሊና ዳር፣ ሰኞ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1973 ዓ.ም.

አባይ፣

ሰላምታህ ደርሶኛል፤ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። በፊት የምትልክልኝን ብትልክልኝ ይሻለኝ ነበር።

እምቢተኛ ብለኸኛል። እስቲ እንተሳሰብ። የተዳርኩት ታዝዤ ነው። ረቡዕና ዓርብ የምጾመው ታዝዤ ነው። ወሰኔን የገፋብኝን ጎረቤት፣ አንጀቴ እያረረ፣ ይቅር ያልኩት ታዝዤ ነው፤ ይኼኛውማ ከጾሙም ከስግደቱም በልጦብኛል። ዕድሜዬን ሙሉ መታዘዝ እንጂ ሌላ ምን ሠራሁ? ሁለት ጌታ ባንድ ጊዜ የጠራው ሰው ላንዱ አቤት ሲል ለሌላው ዝም ማለቱ ነው። አንተ ያየኸው ዝምታዬን ብቻ ነው።

ስለ በሬው። አባባ በሞቱበት ዓመት ጎርፍ የከማሉዲንን ልጅ ሲወስዳት እሑድ ነበር። አራጌ ነጠላውን እንዳጣፋ ከቅዳሴ ሮጦ ገብቶ አወጣት። ያን ዕለት ተራ የማን ነው ያለ ሰው አልነበረም። ካድሬው መጥቶ «ሰው ይራባል፤ እሑድም ቢሆን ድረሱልን» ቢለን ኖሮ ቄስ አስፋውን ጠይቀን በወጣን። እሱ ያለን ሌላ ነው። «መውጣታችሁን በዓይኔ ልይ» ነው ያለን። ውሃውን የሚመልስ ሰው እኮ አለ! ከማሉዲንና ወንድሞቹ ረመዳናቸውን ይዘው፣ ጉሮሯቸው ደርቆ፣ ዶማቸውን ተሸክመው ተነሥተው ነበር።

ትናንት እሑድ የገብርኤል ዕለት ጎርፉ መጣ። ካድሬው ሚሊሻዎቹን ይዞ መንገዱ ላይ ቆመና ከማሉዲንን መለሰው። «ዛሬ ተራው የክርስቲያኑ ነው» አለው። ከማሉዲንም፣ «ለእነሱ መመለስ የእኔ ዕዳ ነው፤ አንተ ማነህና ትከለክለኛለህ?» ብሎ ተጨቃጨቀ። እኛ ታቦቱን አጅበን ስንዞር ውሃው ሲያገሳ ይሰማን ነበር። ከመካከላችን አንድም ሰው አልወረደም። ውሃው አለፈ።

ማሽላው ገና ጉልበት አልደረሰም። አንድ ጎርፍ ደግሞ ካመለጠን አለቀ። አልቆጨኝም ብልህ ውሸት ነው። ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ። አልወጣሁም ግን።

የጠየቅኩህን አልመለስክልኝም።

አስረሳሽ


ደሴ፣ ዓርብ፣ ሐምሌ 24 ቀን 1973 ዓ.ም.

እትዬ፣

ስለ ጎርፉ የጻፍሽውን ያነበብኩት ዛሬ ነው፤ በቢሮ ወሬ ግን ቀድሞ ደርሶኛል። እዚህ የተጻፈው «የክርስቲያን ገበሬዎች ሰብላቸውን ሆን ብለው አጠፉ» ተብሎ ነው። ይህ ቃል ወዴት እንደሚያደርስ አንቺ አታውቂም። እኔ አውቃለሁ።

ስለዚህ ተቆጥተሽም ቢሆን ስሚኝ። ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት አያይዣለሁ። ጋሼ አራጌ ይፈርምበት። የሰንበት ውሃን ማስጠበቁ ስህተት መሆኑንና ከእንግዲህ የተሰጠውን ትእዛዝ እንደሚፈጽም የሚገልጽ ነው፤ አራት መስመር ነው። እስከ ነሐሴ 15 ካልፈረመ ከቆቦ ይወሰዳል። ወዴት እንደሆነ አትጠይቂኝ። ወደዚያ የሄዱ ሰዎች ቤተሰቦች ቢሯችን እየመጡ ይጠይቁናል፤ የምንመልስላቸው የለንም።

አንቺ ካልሽው እንደሚፈርም አውቃለሁ። ሌላ ሰው ቢለምነው አይሰማም። ለእግዚአብሔር ታዘዥ፣ ማን ከለከለሽ፤ ግን ባልሽን አድኚ።

ስለ ስሙ ደግመሽ አትጠይቂኝ፤ እባክሽ።

አባይ


ጎሊና ዳር፣ ማክሰኞ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1973 ዓ.ም.

አባይ፣

ወረቀትህ እንደመጣ ተመልሶልሃል። ቆቦ ወስጄ ለአራጌ አነበብኩለት። ፈርም አላልኩትም፤ አትፈርምም አላልኩትም። «አንቺስ ምን አልሽ?» አለኝ። «አንብቤልሃለሁ» አልኩት። እሱም አጥፎ መለሰልኝና የበሬዎቹን ነገር ጠየቀኝ። አንተ እንደምታስበው እኔ ብለው ይፈርም ይሆናል። ለዚህ ነው ያላልኩት።

አሁን የእሑዱን ልንገርህ፤ ቢሯችሁ አጣሞ ሳይጽፈው።

ቅዳሜ ማታ ጨረቃ ታየችና ኢዱ እሑድ ዋለ። ሰንበታችንና ኢዳቸው በጎርፍ ወራት ባንድ ቀን ሲውሉ በእኔ ዕድሜ አላየሁም። ተራችን ለዚህ ምንም አላበጀም፤ አያቶቻችንም አላሰቡትም። ቄስ አስፋውና ከማሉዲን ግን ቀድመው ሳምንቱን ሙሉ ዋርካው ሥር ሲመክሩ ከርመዋል። እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ቄስ አስፋው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ። «ዛሬ ጎርፍ ከመጣ ሁላችንም እንወርዳለን፤ እነሱም ከሶላታቸው በኋላ ይወርዳሉ። ግን ማንም የራሱን ማሳ አያጠጣም። ውሃው ለባልቴቶች፣ ለአቅመ ደካሞችና ለእስረኞች ማሳ ይገባል። በሰንበት ምሕረት ማድረግ የታዘዝነው ነው» አሉ። አንድ ሰው፣ «አባ፣ ታዲያ የካድሬው ትእዛዝ ተፈጸመ ማለት አይደለም?» አላቸው። «እሱ እስላሙን ከልክሏል። እኛ ከእስላሙ ጋር ነው የምንወርደው። የቱን ፈጸምንለት?» አሉት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎርፉ መጣ። የኢድ ልብሱን የለበሰውም ነጠላ ያደገደገውም አንድ ላይ ወረደ። ሚሊሻዎቹ ስንት ሰው ይከልክሉ? ከመካከላቸው ሁለቱ ጠመንጃቸውን ዛፍ ላይ ሰቅለው ድንጋይ ማቀበል ጀመሩ። ካድሬው ደስ ብሎት መዝገቡን ይዞ መጣ። «ታዲያ ይቻል የለም እንዴ!» ብሎ የክርስቲያኑን ስም መጥራት ጀመረ። አቤት ያለው የለም። አሥር ሰው ጠራ፤ ሃያ ሰው ጠራ። የእኔንም ጠራ፤ ጭቃ ተሸክሜ በአጠገቡ አለፍኩ። የከማሉዲን ሚስት ኡሙሃኒ ቀና ብላ፣ «ጓድ፣ ድምፅህን ከምትጨርስ ለግድቡ ያን እሾህ ሳብልን» አለችው። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። እሱ ወደ እሾሁ ሊራመድ ሲል ጫማው ደለል ውስጥ ቀረ።

የባልቴቶቹ ማሳ ጠጣ። የአራጌም ጠጣ፤ እስረኛ ነውና። የሌላው አልደረሰውም፤ የቄስ አስፋውም የከማሉዲንም። ማንም አላጉረመረመም ብልህ አታምነኝም፤ ሁለት ሰዎች አጉረምርመዋል።

ካድሬው በማግስቱ ቆቦ ሄዶ አራጌን፣ «ሰዎችህ እሑድ ሠሩ፤ አሁንስ ትፈርማለህ?» ብሎታል። አራጌም «ከሠሩ ታዲያ ፊርማዬን ለምን ፈለግህ?» አለው። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ በጥፊ የመታው።

ወረቀትህ ላይ ሦስተኛው መስመር «የሰንበት ውሃ» ይላል። የተጻፈው በታይፕ ነው። አባባልህን ግን ከታይፕ ውስጥም አውቀዋለሁ። ከእንግዲህ አልጠይቅህም።

አስረሳሽ


ደሴ፣ ሰኞ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1973 ዓ.ም.

እትዬ፣

እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት የፖለቲካ ትምህርት ስማር እያንዳንዳችን ስለ ተወለድንበት ቀበሌ ልማድ ጥናት እንድንጽፍ ታዘዝን። ሌሎቹ ስለ ተዝካርና ስለ ድግስ ጻፉ። እኔ የተሻለ ነገር እንዳለኝ አውቅ ነበር። ስለ ሰንበት ውሃ አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። አስተማሪው ለክፍሉ አነበበልኝ፤ አጨበጨቡልኝ። ይህን የደሴውን ሥራ ያገኘሁት በዚያ ነው።

ከዚህ የባሰውን ልንገርሽ። መጨረሻው ገጽ ላይ «የመፍትሔ ሐሳብ» የሚባል ክፍል ነበር። ተራውን በመከልከል ብቻ ማጥፋት አይቻልም፣ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ የውሃ አባቱ ካልተቀበለም እሱን ማንሣት ይበቃል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የውሃ አባቱ ማን እንደሆነ ሳውቅ ነው የጻፍኩት። ስጽፍ ጋሼ አራጌን አላሰብኩትም። «የውሃ አባት» ብዬ ነው ያሰብኩት፤ እንደ ሹመት ስም፣ ሰው እንደሌለበት ሁሉ።

ይህ እንዲሆን አልፈለግኩም። ይህን ማለቴ ምንም እንደማይጠቅም አውቃለሁ።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ለጋሼ አራጌ አትንገሪው፤ ወይም ንገሪው፤ እንደመሰለሽ።

አባይ


ጎሊና ዳር፣ ቅዳሜ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1973 ዓ.ም.

አባይ፣

ለአራጌ ነግሬዋለሁ። «አሥራ አንድ ገጽ? ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም» አለ። ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ ተበላሸብኝ።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ እጄ እምቢ አለኝ። ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ቂም ይዤ መጾም አልችልም። ስለዚህ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ታዝዤ እንጂ ወድጄ አይደለም። ልቤ ወደፊት ይደርስበታል።

አሁን ስማኝ። እኔን እምቢተኛ ስትል ራስህን ታዛዥ ማለትህ ነበር። እውነት ነው፤ አንተ ታዛዥ ነህ። ለአባባ ታዘዝክ፤ ለአስተማሪህ ታዘዝክ፤ አጨብጭበው ላሳዩህ ታዘዝክ። አንተ የምትታዘዘው አጠገብህ ለቆመው ነው፤ እሱ ሲሄድ ለሚቀጥለው። እንዲህ ያለ ሰው ደግ ሰው አጠገቡ ከቆመ ደግ ይሆናል፤ ክፉ ከቆመ ምን እንደሚሆን ይኸው አየነው። ለእግዚአብሔር መታዘዝ ማለት እኮ ሁሉም ከአጠገብህ ሲሄድ፣ ያዘዘህን ማየት ሳትችል፣ ያንኑ ማድረግ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። የገብርኤል ዕለት ውሃው ሲያልፍ እየሰማሁ ቆሜ ነው።

ነሐሴ 15 ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቶታል። እኔ ልለምንህ አልጻፍኩም። አሥራ አንድ ገጽ ጽፈህ ነው ያሳሰርከው፤ አንድ ገጽ ደግሞ ጻፍ። ለእኔ አይደለም፤ ለአለቆችህ። የጻፍኩት ሐሰት ነበር፣ ተራው ሰውን አላጣላም፣ አስታረቀ እንጂ፣ ብለህ ፈርም። ከፈራህ አትጻፍ። አራጌ አንተ ባትጽፍም አይፈርምም። እኔም ባል የሌላት ሴት ሆኜ እኖራለሁ እንጂ ፈርም አልለውም። ይህን አውቀህ ወስን።

አስረሳሽ


ደሴ፣ ረቡዕ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1973 ዓ.ም.

እትዬ፣

ጽፌያለሁ። ሁለት ገጽ ሆነብኝ፤ ማሳጠር አልችልበትም። ጥናቴን በራሴ ፊርማ ሰርዣለሁ። የጋሼ አራጌ መዝገብ የተከፈተው በእኔ ጥናት ስለሆነ ያለ እሱ የሚቆምበት የለውም፤ ይህንንም ጽፌዋለሁ። ግልባጩን የእስረኛ ዝውውር ለሚፈርመው ክፍል በእጄ አድርሻለሁ፤ ቀኑን አስጽፌ አስፈርሜያለሁ።

አለቃዬ ቆሞ አነበበው። «ይህን እንድትጽፍ ማን አዘዘህ?» አለኝ። አንድ ድርጅት፣ አንድ ሰው፣ አንድ ስም እንድሰጠው እየጠበቀ እርሳሱን አዘጋጀ። «እግዚአብሔር» አልኩት። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ካልኩ ዘጠኝ ዓመት ይሆነኛል። እርሳሱን አስቀመጠው። «እሱን እንዴት አድርጌ ልጻፈው?» አለ። እየቀለደ አልነበረም፤ ግራ ገብቶት ነው።

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሌላ ቢሮ ተጠርቻለሁ። መፍራቴን አልደብቅሽም። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ ማሚቴ አድራሻሽን ይዘዋል።

አባይ


ጎሊና ዳር፣ ሐሙስ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1973 ዓ.ም.

ወንድሜ አባይ፣

ለቢሮህ የላክሁት ደብዳቤ «ባለቤቱ የለም» ተብሎበት ተመለሰልኝ። የት እንዳለህ ወይዘሮ ማሚቴ ትናንት ልከውብኝ አወቅሁ። ይህን በእሳቸው በኩል ነው የምልከው፤ ጥበቃዎቹ ያነቡታል ብለዋል። ያንብቡት። ለማንበብ እንዲመቻቸው ፊደሉን አጉልቻለሁ።

የላክህብኝን ጥያቄ ልመልስልህ። አዎ፣ ተፈትቷል። ሰኞ ነሐሴ 18፣ ሳይፈርም። ካድሬው በሩን ከፍቶ «ሂድ፤ መዝገብህ ተዘግቷል» ብቻ አለው። ለምን እንደተዘጋ ራሱም የሚያውቅ አይመስልም። አራጌ ከስቷል፤ አንድ ጆሮው አይሰማም። በመጣ በአራተኛው ቀን ዓርብ ነበር፤ ደመናው ሲጠቁር የክርስቲያኑን ስም እየጠራ ወደ ግድቡ ወረደ። መመሪያው አልተሻረም። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አለ። ካድሬው ቆሞ አየን፤ መዝገቡን አልከፈተም።

ከማሳው ግማሹ ያፈራል። ግማሹ ለከብት ነው። የገብርኤል ዕለት ያለፈው ውሃ አልተመለሰም፤ ዘንድሮ ይጠብብናል። ይህንንም ያነበቡት ሰዎች ይጻፉት፤ እግዚአብሔርን ታዝዘው ተረፋቸው እንዳይሉን። አልተረፈንም። እንደገና ቢመጣ ግን ያንኑ ነው የምናደርገው።

ልቤ ደርሶበታል። ይህን ብቻ ልጽፍልህ ብዬ ነበር የተነሣሁት።

የጠያቂ ቀን እሑድ ብቻ ነው ብለውኛል። ካድሬው መታወቂያዬ ላይ የጉዞ ፈቃድ ሲያትምልኝ፣ «እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ በር ላይ ልትቆሚ ነው? ሰንበትሽስ?» ብሎ ሳቀብኝ። «የታሰረ መጠየቅ የታዘዝኩት ነው» አልኩት። እሱ እስከ ዛሬ የሚያውቀው የተከለከልነውን ብቻ ነው።

ቅዳሜ በአውቶቡስ እነሣለሁ። አራጌም ይመጣል። ጳጉሜን 1 ቀን፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ ነን። ማንን ነው የምትጠይቁት ሲሉን ስምህን እስከ አባባ ድረስ ጮክ ብለን እንናገራለን። ካስገቡን እናይሃለን። ካላስገቡንም አንሄድም።

እህትህ አስረሳሽ